አይስክሬም ፋብሪካ ውስጥ ጥራት መጠበቅና አዲስ ምርት ማውጣት፦ ከወተት መረከቢያ እስከ ሱቁ ፍሪዘር

አሁን ከማሽን የወጣ አይስክሬም ሁሉ ይጣፍጣል። ለስላሳ ነው፣ ገና -5 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባለቤቱ ቀምሶ "አሪፍ ነው" ይላል፣ ሴልሶቹ "ይሸጣል" ይላሉ፣ በቃ ተወሰነ። ደንበኛው ግን የሚበላው እሱን አይደለም። ደንበኛው የሚበላው ፍሪዘር ገብቶ የደረቀውን፣ መኪና ላይ ተጭኖ የተንገላታውን፣ መብራት ሁለት ሦስቴ ጠፍቶበት ሱቅ ውስጥ ወር የከረመውን ነው። ስለዚ የጥራት ስራም በሉት የአዲስ ምርት ስራ፣ ፍርዱ መሰጠት ያለበት እዛ ሱቅ ውስጥ ባለው ካፕ ላይ ነው። ከዚ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው በዚ ሀሳብ ነው፣ በተለይ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላሉ ትንንሽና መካከለኛ አምራቾች፣ እንዲሁም "ኳሊቲ" ተብሎ ተቀጥሮ ቴርሞሜትር እንኳን ላልተሰጠው ልጅ።

1. መጀመሪያ የምትፈልጉትን በቁጥር ጻፉት

"ጥሩ አይስክሬም" የሚባል ስፔሲፊኬሽን የለም። ወረቀት ላይ ቁጥር ከሌለ ዛሬ የወጣው ከትናንቱ ይሻላል ወይ ይብሳል ብሎ መከራከር ራሱ አይቻልም። የተለመደ የወተት አይስክሬም ሚክስ፣ ማለትም ማሽን ከመግባቱ በፊት ያለው ፈሳሽ ቅልቅል፣ እንዲህ ነው፦ ቅባት ከ10 እስከ 12%፣ ቅባት ያልሆነው የወተት ጠጣር ማለትም ፕሮቲኑ ላክቶሱና ማዕድኑ ከ9 እስከ 11%፣ ስኳር ከ14 እስከ 16%፣ ውሃውን የሚይዘው ስታብላይዘርና ቅባቱን ከውሃው የሚያስማማው ኢመልሲፋየር ተደምረው ግማሽ ፐርሰንት ገደማ፣ ጠቅላላ ጠጣር ከ36 እስከ 40%። የቀረው ውሃ ነው፣ አይስክሬም ላይ ከሚመጣ ጣጣ አብዛኛው ደግሞ የዚ ውሃ ጣጣ ነው።

እነዚ ላይ የአየሩን መጠን፣ የአንድ ካፕ ክብደት፣ ከማሽን የሚወጣበትን ዲግሪና የሚፈቀደውን የባክቴሪያ ቁጥር ጨምሩ። ለማነጻጸር ያህል አሜሪካ ውስጥ አንድ ነገር "አይስክሬም" ተብሎ እንዲሸጥ የወተት ቅባቱ ቢያንስ 10% መሆን አለበት፣ ክብደቱ ደግሞ በጋሎን ከ4.5 ፓውንድ ማነስ የለበትም፣ በሊትር ወደ 540 ግራም ማለት ነው። እዚ አገር ግዴታችሁን የምታዩት ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ ግን ለራሳችሁ ከዛ ጠበቅ ያለ ቁጥር ብታወጡ ማንም አይከለክላችሁም።

2. ወተት መረከቢያው በር ላይ

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል፣ እዚ ጋር ግን ችግሩ ውሃው ከወተቱ ጋር ተቀላቅሎ መምጣቱ ነው።

ወተቱ እንደደረሰ መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ፣ ከዛ ክዳኑ እንደተከፈተ ወዲያው አሽትቱት፣ የመኖ፣ የበረት፣ የጭስ ሽታ ያለው ወተት ቫኒላ አይሸፍነውም። ቀጥሎ አልኮል ቴስት፦ በቴስት ቲዩብ እኩል መጠን ወተትና 68% አልኮል ቀላቅላችሁ ገልበጥ ገልበጥ ታደርጉታላችሁ፣ ግድግዳው ላይ ፍርፋሪ ነገር ከታየ ወተቱ አሲድ ጀምሯል ወይም ፕሮቲኑ ደክሟል፣ ፓስቸራይዘር (ጀርም እንዲሞት የሚሞቅበት ማሽን) ውስጥ ሊረጋባችሁ ስለሚችል አትረከቡት። ከዛ ላክቶሜትር፣ ወተቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ክብደቱን የሚያሳየው መለኪያ። ላክቶሜትር ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚ ጋር ነው፦ ውሃ ሲጨመር ወተቱ ይቀላል፣ ክሬሙ ሲወጣ ደግሞ ይከብዳል፣ ስለዚ ሁለቱንም የሰራ ብልጥ አቅራቢ ላክቶሜትሩ ላይ ንጹህ መስሎ ያልፋል። መድኃኒቱ ቅባቱን ለብቻ መለካት ነው፣ ገርበር በሚባለው የቅባት ምርመራም ይሁን በትንሿ የወተት አናላይዘር ማሽን። ላክቶሜትሩ የተሰራበትን የሙቀት መጠንም እዩ፣ 20 ዲግሪ ላይ እንዲነበብ የተሰራውን 8 ዲግሪ ወተት ውስጥ ነክራችሁ የምታነቡት ቁጥር ዋጋ የለውም።

በሩ ላይ የማይታይ ሌላ ነገር አለ፣ አፍላቶክሲን። ላሟ ሻጋታ የነካው መኖ ስትበላ መርዙ ወደ ወተት ይሄዳል፣ ማፍላትም ፓስቸራይዝ ማድረግም አያጠፋውም። አዲስ አበባ ዙሪያ በዚ ስሙ የሚነሳው የኑግ ፋጉሎ ነው። የዓለም የምግብ ደረጃ የሚያወጣው ኮዴክስ ወተት ላይ የሚፈቅደው በኪሎ 0.5 ማይክሮግራም ነው፣ አውሮፓ ህብረት ደግሞ 0.05። በየቀኑ መመርመር ለትንሽ ድርጅት አይቻልም፣ የሚቻለው ግን አቅራቢውን ፋጉሎ የት ነው የምታስቀምጠው፣ መሬት ላይ ነው ወይስ ጣውላ ላይ፣ ክረምት ላይ ምን ታደርጋለህ ብሎ መጠየቅ፣ ሄዶ ማየት፣ አልፎ አልፎ ናሙና ላብራቶሪ መላክ ነው።

3. ሚክሱን በሂሳብ ስሩ

"ሁለት ጆግ ክሬም" የሚባል ነገር ይቅር። የ100 ኪሎ ሚክስ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ኢላማው ቅባት 10%፣ ሌላው የወተት ጠጣር 10.5%፣ ስኳር 15%፣ ስታብላይዘርና ኢመልሲፋየር 0.5% ነው። ወተቱ ቅባት 3.5%፣ ሌላ ጠጣር 8.5% ያለው ነው፣ ክሬሙ 35% ነው፣ ቀሪውን ክሬሙ በወጣለት የዱቄት ወተት እንሞላለን። ሂሳቡ ሲሰራ ወተት 57.3 ኪሎ፣ ክሬም 22.7 ኪሎ፣ ዱቄት ወተት 4.5 ኪሎ፣ ስኳር 15 ኪሎ፣ ስታብላይዘሩ ግማሽ ኪሎ ይመጣል፣ ደምሩት 100 ነው።

አሁን ያ ወተት 10% ውሃ ተጨምሮበት ነበር እንበል። ወደ 0.7 ኪሎ ጠጣር ከሚክሱ ይጠፋል፣ በቦታው ውሃ ይገባል። የዛን ቀን ስትቀምሱት ምንም አታውቁበትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቅ ውስጥ ግን በረዶ በረዶ ይላል፣ ያኔ ማንም ሰው ወተት መረከቢያውን አያስታውስም፣ የሚሰደበው የማሽን ኦፕሬተሩ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ "ይወፍርልን" ብሎ ዱቄት ወተት መዛቅ አለ። ላክቶሱ ሲበዛ ቀዝቃዛ ውስጥ ይሟሟ የነበረው ወደ ክሪስታል ይመለስና ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከበረዶ የምትለዩት እንዲህ ነው፣ በረዶው አፍ ውስጥ ቶሎ ይቀልጣል፣ የላክቶስ አሸዋ ግን አይቀልጥም፣ ጥርስ ላይ ይቆያል። መፍትሄያቸው የተለያየ ስለሆነ ሳትለዩ ሬሲፒ አትንኩ።

4. ፓስቸራይዝ ማድረግ፣ ማሳደር

ለአይስክሬም ሚክስ አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት 69 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ወይም 80 ዲግሪ ላይ 25 ሰከንድ ነው። ከተራ ወተት ከፍ ያለው ስኳሩና ቅባቱ ባክቴሪያውን ስለሚከልሉት ነው። ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ሚክሱ በሙሉ ዲግሪው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው እንጂ እሳቱ ከተለኮሰ ጀምሮ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ የሚፈጠር አንድ ስህተት አለ። ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ የሚያስተካክሉ ሰዎች 100 ካላሳየ ተበላሽቷል ብለው ያዞሩታል። እኛ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ እዚ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትክክለኛውን ቴርሞሜትር ወደ 100 ካዞራችሁት ከዛ በኋላ 69 ብሎ የሚያሳያችሁ በእውነት 61 ይሆናል፣ እዛ ላይ 30 ደቂቃ ማቆየት ፓስቸራይዝ አያደርግም። በደንብ የተፈጨ በረዶና ውሃ ቀላቅላችሁ ዜሮ ላይ ፈትሹት፣ እሱ ከፍታ አያውቅም። ውጤቱን ከነቀኑ መዝግቡ።

ሆሞጂናይዘር፣ የቅባቱን ጠብታ የሚሰባብረው ማሽን፣ ያለው ይጠቀም፣ የሌለው ክሬሙ ማሽን ውስጥ ቅቤ እንዳይሆንበት ጠንቀቅ ይበል። ከዛ ሚክሱን ቶሎ ወደ 4 ዲግሪ አውርዱትና ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን አሳድሩት። ቅባቱ እስኪጠነክር፣ ስታብላይዘሩ ውሃ እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል። ኦርደር በዛ ተብሎ ያላደረ ሚክስ ማሽን ውስጥ ሲገባ አየር በደንብ አይዝም፣ ቶሎም ይቀልጣል።

5. አየሩ

አይስክሬም ውስጥ ያለው አየር ማጭበርበር አይደለም፣ ያለ እሱ ማንኪያ አይገባም። ማጭበርበር የሚሆነው ሲያልፍ ነው፣ ወይም ሰኞና ማክሰኞ የተለያየ ሲሆን። ኦቨርራን የሚባለው የአየሩ መጠን የሚለካው በሚዛን ነው፦ አንድ ሊትር ሚክስ መዝኑ፣ በዛው ዕቃ ሙሉ አይስክሬም መዝኑ፣ ልዩነቱን ለአይስክሬሙ ክብደት አካፍሉ። ሚክሱ 1,090 ግራም፣ አይስክሬሙ 580 ግራም ከሆነ ልዩነቱ 510 ነው፣ 510 ለ580 ሲካፈል 88% ማለት ነው። በየ15 ደቂቃው አንድ ካፕ ከመስመሩ አንስቶ መመዘን ማንም የሚችለው ስራ ነው፣ ከሁሉም የላብራቶሪ ምርመራ በላይ ብር የሚያድነውም እሱ ይመስለኛል። ከማሽኑ ሲወጣ ከ-5 እስከ -6 ይሁን፣ ከዛ ሞቆ ከወጣ ምላጩ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል አስፈትሹ።

ከፍታ እዚም ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ የሞላችሁት አየር በዝቅተኛ ግፊት የገባ ነው። ያ ካርቶን ድሬዳዋ ሲወርድ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር በውስጡ ያለው አየር ይጨመቃል፣ አይስክሬሙ ከካፑ ግድግዳ ይላቀቅና "ጎድሏል" የሚል ቅሬታ ይመጣል። ሾፌሩ በልቶት አይደለም። ኦቨርራኑ ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል፣ ስለዚ ለቆላ ከተማ የሚሄደውን ባች አየሩን ቀነስ፣ ጠጣሩን ጠንከር አድርጉትና ከመላካችሁ በፊት አንድ ካርቶን በመኪና ወርዶ ይታይ።

6. ማድረቅ፣ ማከማቸት፣ መብራት

ከማሽን ሲወጣ ካለው ውሃ ግማሽ ያህሉ ገና አልቀዘቀዘም። ቀሪው የሚቀዘቅዘው ብላስት ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ ከ-30 እስከ -40 ባለ ነፋስ። በፈጠነ ቁጥር ክሪስታሉ ትንሽ ይሆናል፣ የበረዶ ክሪስታል ከ50 ማይክሮን ሲያልፍ ምላስ ያውቀዋል። ተራ የሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ትኩስ ካርቶን ደርድሮ ማድረቅ ማለት መሃል ያለው እስከ ማግስቱ ድረስ ለስላሳ ሆኖ መቆየት ማለት ነው። ብላስት የመግዛት አቅም ከሌለ ቢያንስ ካርቶኖቹን አራርቃችሁ ደርድሩ፣ መሃል ላይ ንፋስ ይለፍ፣ ያልደረቀ ነገር ከደረቀው ጋር አታቀላቅሉ።

ማከማቻው -18 ወይም ከዛ በታች፣ ቢቻል -25። ግን ከዲግሪው በላይ ገዳዩ መዋዠቁ ነው። ሲሞቅ ትንንሾቹ ክሪስታሎች ይቀልጣሉ፣ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ ውሃው ትልልቆቹ ላይ ይለጠፋል፣ ይሄ በተደጋገመ ቁጥር ይሻክራል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን መዝግቡ፣ በር አትክፈቱ፣ ጀነሬተር ካለ ቅድሚያ ለማከማቻው ይሁን፣ ማሽኑ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል። ተመልሶ ሲመጣ የመሃል ካርቶን አውጥታችሁ በቴርሞሜትር ወግታችሁ ለኩ። የለሰለሰውን መልሶ አድርቆ መሸጥ የለም።

ሱቁ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ማታ ቆጣሪ እንዳይቆጥር ፍሪዘር የሚነቅል ባለሱቅ አለ፣ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ ሱፐርቫይዘር ካፕ ውስጥ ውሃ አቀዝቅዞ ላዩ ላይ ሳንቲም ያስቀምጣል፣ ሳንቲሙ ከሰመጠ ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። ሀሳቡ ጎበዝ ነው ግን ውሃ የሚቀልጠው ዜሮ ላይ ነው፣ አይስክሬሙ ከዛ በፊት አልቆለታል። ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚይዝ ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር አስገቡበት፣ የሚያከፋፍለው ልጅ በመጣ ቁጥር ቁጥሩን ፎቶ ያንሳ። በተደጋጋሚ የሚነቅለውን ሱቅ ፍሪዘራችሁን ቀሙት፣ ሽያጩ ቢጎድልም የእናንተ ስም ነው ካፑ ላይ ያለው።

7. ከፓስቸራይዘር በኋላ ያለው ንጽህና

ማቀዝቀዝ ባክቴሪያ አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ስለዚ አይስክሬም የሚመርዘው ብዙ ጊዜ ከፓስቸራይዘር በኋላ በገባ ነገር ነው፦ ቱቦ፣ ጎሚኒ፣ እጅ፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ወለል ላይ ያለ ፍሳሽ።

ሁለት የአሜሪካ ታሪኮች አሉ፣ ለሰራተኛ ስልጠና ስትሰጡ ከፖስተር ይሻላሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሽዋንስ የሚባለው ኩባንያ ፓስቸራይዝ የሆነ ሚክስ በቦቴ ያስመጣ ነበር፣ ቦቴዎቹ ከዛ በፊት ያልተፈላ ፈሳሽ እንቁላል ጭነው ነበርና በሳልሞኔላ ወደ 224 ሺህ ሰው እንደታመመ ተገምቷል። ሚክሱ ሲነሳ ምንም አልነበረበትም፣ ነገሩ የገባው መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛው በ2015 ብሉ ቤል ነው፣ ሊስቴሪያ ፋብሪካው ውስጥ ተገኘ፣ 10 ሰው ታመመ፣ 3 ሰው ሞተ፣ ኩባንያው ገበያ ላይ ያለውን ምርቱን በሙሉ ሰበሰበ፣ በ2020 ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኖ 17.25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

ሊስቴሪያ ብርድና እርጥበት ይወዳል፣ ቤቱ የወለል ፍሳሽ ነው። ምርት እየተሞላ ፍሳሹን በጎማ ውሃ በግፊት የሚያጥብ ሰው ካለ ባክቴሪያውን በጠብታ አንስቶ ካፑ ላይ እየረጨው ነው፣ አስቁሙት። ማሽን ስታጥቡ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ፈላ ያለ ውሃ ቀድሞ ከገባ ፕሮቲኑን ብረቱ ላይ ያጋግረዋል። ከዛ ሳሙናው፣ ማለቅለቅ፣ መጨረሻ ላይ ሳኒታይዘር። 5% በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ በሊትር ውሃ 4 ሚሊ ብቻ ይበቃል፣ 200 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 200 እጅ) ክሎሪን ይሆናል፣ "ይጠንክር" ብሎ መጨመር ብረቱን መብላት ነው። ጎሚኒዎቹ ሁሉ ተፈተው ይታጠቡ፣ የተሰነጠቀ ጎሚኒ ይጣል።

ኮሊፎርም የሚባለውን ምርመራ በየባቹ አድርጉ። ፓስቸራይዝ ማድረግ ኮሊፎርምን ይገድለዋል፣ ስለዚ ያለቀለት ምርት ላይ ከተገኘ ከዛ በኋላ የሆነ ቦታ ገብቷል ማለት ነው። በግራም ከ10 በላይ ከሆነ መስመሩን አቁማችሁ ሚክሱ ከሚያድርበት ታንክ ጀምራችሁ ከየነጥቡ ናሙና ውሰዱ፣ ንጹህ ከሆነው ቆሻሻ ወደሆነው የተሻገረበት ቦታ ላይ ያለው ቱቦ ወይ ቫልቭ ነው ጥፋተኛው።

8. ወረቀቱ

አጭር ነው። እያንዳንዱ ባች ቁጥር ይኑረው፣ ቁጥሩ ካፑ ላይ ይታተም፣ ፎርሙ ላይ የወተቱ አቅራቢ፣ የስታብላይዘሩ ሎት፣ የፓስቸራይዘሩ ዲግሪና ሰዓት፣ ኦቨርራኑ፣ የጫነው መኪና ይጻፍ። ከየባቹ ሦስት አራት ካፕ ቁጭ አድርጉ፣ ቀኑ እስኪያልፍ አይነካ። በፎርሙ ላይ ቀኑን ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ አንድ ዓይነት ቁጥር ከተጻፈ ሰውየው ማታ ቁጭ ብሎ ነው የሞላው፣ ይሄን ለማወቅ ኦዲተር መሆን አያስፈልግም።

9. አዲስ ምርት፣ በማር ምሳሌ

እንግዲ ማርኬቲንግ መጥቶ "የማር አይስክሬም ይውጣ" አለ። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ማራችን ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ግን ጣዕሙ አይደለም። የማር ስኳር በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ነው፣ እነዚ ደግሞ ከተራ ስኳር ይልቅ እጥፍ ያህል ነው የመቀዝቀዣ ነጥብ የሚያወርዱት። ውሃውን ቀንሳችሁ ብታስሉት አንድ ኪሎ ማር የአንድ ኪሎ ተኩል ስኳር ያህል ያለሰልሳል። 15 ኪሎ ስኳሩን በሙሉ በ15 ኪሎ ማር ከተካችሁ 22 ኪሎ ስኳር እንዳስገባችሁ ነው፣ -18 ላይ እንኳን ልል ሆኖ ይቀራል፣ ሱቅ ውስጥማ ሾርባ ይሆናል። ስለዚ ከስኳሩ ሲሶውን ያህል ብቻ ቀይሩ፣ 10 ኪሎ ስኳር 5 ኪሎ ማር፣ ከማሩ ጋር የገባውን ውሃም ከወተቱ ቀንሱ። ጣዕሙ ከሳሳ ማሩን አትጨምሩ፣ ጠንከር ያለ ጣዕም ያለው ማር ፈልጉ፣ ወይም ቀሪውን ስትሞሉ እንደ ሪባን መሃሉ ላይ አፍስሱት፣ ምላስ ላይ ለብቻው ይመጣል።

ሂደቱ እንዲህ ይሂድ፦ መጀመሪያ ሂሳብ በወረቀት፣ ከዛ ሁለት ኪሎ በትንሿ ማሽን፣ ከሦስትና አራት ዓይነት የተሻለው ይመረጣል። የተመረጠው ወዲያው አይቀመስም፣ በቅድሚያ ይሰቃይ። ለአንድ ሳምንት በቀን አንዴ ከ-20 ወደ -10 አውጥታችሁ መልሱት፣ የኛን መብራትና ሱቅ መኮረጅ ነው ይሄ። ከዛ 100 ግራም ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በክፍል ሙቀት በየ10 ደቂቃው የሚንጠባጠበውን መዝኑ፣ ከነባሩ ቫኒላችሁ ጋር ጎን ለጎን። ይሄን ያለፈ ብቻ ለቀማሽ ይቅረብ።

ቀማሾቹ ፊት ላይ ሦስት ካፕ አስቀምጡ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት አንዱ ልዩ፣ ልዩውን እንዲያወጡ ጠይቁ። ስታብላይዘር ቀይራችሁ "ሰው አይለየውም" ለማለት ይሄ ነው የሚጠቅመው። ከ12 ሰው 8ቱና ከዛ በላይ በትክክል ካወጡት ልዩነቱ እውነት አለ፣ ከዛ ካነሰ በግምትም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ካፕ ቁጥሩን አይወቅ፣ ምክንያቱም ባለቤቱ ፊቱን ሲያጨማድድ ክፍሉ በሙሉ ያጨማድዳል።

ቆሎ፣ ብስኩት፣ ለውዝ የሚገባበት ከሆነ እርጥበት ጠጥቶ እንዳይለሰልስ ቸኮሌት ወይ ቅባት ይልበስ፣ ኮኑም ከውስጥ እንደዛው። ለውዝ ያለበት ከቀኑ መጨረሻ ላይ ይሰራ፣ ካፑ ላይም በግልጽ ይጻፍ።

ወጪ ስታሰሉ በሊትር አስሉ። 100 ኪሎ ሚክስ በ88% ኦቨርራን ወደ 172 ሊትር ይሰጣል፣ በ60% ግን 147 ሊትር ብቻ። አዲሱ ምርት አየር የሚይዘው አነስ ብሎ ከሆነና እናንተ በቫኒላው ሊትር ዋጋ ካወጣችሁለት በሸጣችሁ ቁጥር እየከሰራችሁ ነው።

10. የጾም አይስክሬም

እኔ እንደማየው እዚ አገር ትልቁ ያልተነካ ገበያ ይሄ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፣ ገና ነቢያት፣ ፍልሰታ ምናምን ሲጨመር የዓመቱ ግማሽ ያህል ይሄዳል። ፋብሪካው በነዚ ቀናት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ማንጎ ሶርቤ ቀላሉ መንገድ ነው። ክሬም ክሬም የሚል ከፈለጋችሁ ግን የሱፍ ወተት ሞክሩ፣ ሱፍ ፍትፍት የሚሰራበትን ማለቴ ነው፣ ነጭ ነው፣ ለጿሚ ምላስ የታወቀ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። የሱፍ ዘይት ቀዝቃዛም ውስጥ ፈሳሽ ስለሆነ አየሩን ደግፎ የሚይዝ መዋቅር አይሰራም፣ ቶሎ ይቀልጣል። ስለዚ ከቅባቱ አብዛኛው የኮኮናት ዘይት ይሁን፣ እሱ 25 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ጠጣር ነው። ከ8 እስከ 10% ቅባት፣ 14% ስኳር፣ የወተቱን ጠጣር የሚተካ 5% ያህል ግሉኮስ ሲረፕ ወይ ማልቶዴክስትሪን፣ 2% የአኩሪ አተር ፕሮቲን ብላችሁ ጀምሩና ከዛ አስተካክሉ። ተልባ ቀቅሎ ያጠለሉትን ዝልግልግ ውሃ በስታብላይዘር ምትክ በትንሹ መሞከር ይቻላል፣ ውሃ በደንብ ይይዛል፣ ጣዕሙ እንዳይጎላ ብቻ።

ዋናው ጥንቃቄ ግዢ ላይ ነው። "ከወተት ነጻ" ተብሎ የሚሸጥ ክሬመር ጀርባው ላይ ሶዲየም ኬዝኔት ካለ የወተት ፕሮቲን ነው፣ ጾም አይደለም። ጄላቲን ከእንስሳ ነው፣ ለጿሚም ለሙስሊም ደንበኛም ጥያቄ ያስነሳል። ሞኖና ዳይግሊሰራይድም ከእንስሳ ስብ ሊሰራ ስለሚችል ከአቅራቢው የእጽዋት መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ። ምርቱ የሚሰራው ሙሉ እጥበት ከተደረገ በኋላ ጠዋት መጀመሪያ ነው፣ ከወተቱ በፊት፣ የማለቅለቂያው ውሃ ላይ የወተት ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ በመመርመሪያ ስትሪፕ ይታይ። የጿሚው እምነት አንድ ነገር ነው፣ ወተት የማይስማማው ሕፃን ደግሞ ሌላ።

ሙከራውን ሁዳዴ ሲገባ አትጀምሩት። የአንድ ሳምንቱ ማሰቃየት፣ ቀማሹ፣ ሌብሉ፣ ካፕ ማሳተሙ ሲደመር ጊዜ ይበላል፣ ከገና ማግስት ብትነሱ ለዘወረደ ትደርሳላችሁ። ሁዳዴ ላይ የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ አቅራቢዎቻችሁ ወተት ይተርፋቸዋል፣ በዛን ጊዜ በቅናሽ ገዝታችሁ ክሬሙን ለይታችሁ በ-18 አስቀምጡ። በሰሙነ ሕማማት የፋሲካውን የወተት ሚክስ አዘጋጁ፣ የጾሙን ምርት ሐሙስ ላይ አቁሙ፣ ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሲወጣ ግማሹ ካርቶን የወተት መሆን አለበት።